ርክክብና ከርክክብ በኋላ፦ የፕሮጀክትና የፕሮግራም ሥራ አመራር በኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ታሪክ

በአገራችን የግንባታ ሙያ ውስጥ «ፕሮጀክት» እና «ፕሮግራም» የሚባሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ፋንታ ሲነገሩ ይሰማል። ከፍ ያለ ገንዘብ የተመደበለት ፕሮጀክት ፕሮግራም ይባላል፤ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ሰነድ ውስጥ በተዘረዘሩ ጊዜም ሰነዱ ይኸው ስም ይሰጠዋል። ልዩነቱ የስም ወይም የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለሰዋስው ሊቃውንት በተተወ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ የሥራ አመራር ዓይነቶች የሚጠይቁት ኃላፊነት፣ የሚሠሩበት ዘመንና የሚመዘኑበት ሚዛን የተለያየ በመሆኑ፣ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አገርን ብዙ ሀብት ያስከፍላል።

ይህንን ልዩነት ከመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ ከአንድ ሥራ ታሪክ መረዳት ይቀላል። የኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ታሪክ ለዚህ የተመቸ ነው። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የሁለቱ ቃላት ፍቺ

ፕሮጀክት መነሻና መድረሻ ያለው ሥራ ነው። አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ ተብሎ ይከለላል፤ ንድፍ፣ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰነድ፣ የኮንትራት ዘመንና የገንዘብ ጣሪያ ይኖረዋል። አሠሪው፣ አማካሪው መሐንዲስና ሥራ ተቋራጩ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ያውቃሉ። ሥራው ሲጠናቀቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያበቃም የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። ካምፑ ይነሣል፤ ግሬደሩና ሮለሩ ወደ ሌላ ሥፍራ ይጓዛሉ፤ የፕሮጀክቱ መሪም ኃላፊነቱን ፈጽሞ ይሄዳል። ሥራው በውሉ መሠረት በጥራት፣ በጊዜና በተፈቀደለት ወጪ ካለቀ መሪው ሊመሰገን ይገባዋል።

ፕሮግራም የሚነሣው ፕሮጀክቱ ከማይጠይቃቸው ጥያቄዎች ነው። ከብዙ መንገዶች መካከል የትኛው ይቅደም? ይህኛው መንገድ ጨርሶ መሠራት አለበትን? ሥራውን የሚያካሂዱ ተቋራጮች፣ መሐንዲሶችና ኦፕሬተሮች ከየት ይገኛሉ? መንገዱ በተከፈተ በአሥረኛው ዓመት ቦዩን የሚጠርገው፣ ጉድጓዱን የሚደፍነው ማን ነው? የሚከፈለውስ ከየትኛው ሣጥን ነው? ፕሮግራም ማለት እንግዲህ እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ፕሮጀክቶችንና ማብቂያ የሌላቸውን ቋሚ ሥራዎች አንዳቸውም ብቻቸውን ሊያስገኙት ለማይችሉት አንድ ውጤት በአንድነት መምራት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የመንገድ ጥቅም ያለው በእያንዳንዱ ክር ሳይሆን በድሩ መያያዝ ላይ ነው።

በዓለም የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ የፕሮጀክት አመራር ዘዴዎች ቀድመው መልክ ይዘዋል። ወሳኙን የሥራ ሐረግ ለይቶ የማወቂያው ዘዴ በዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ፐርት የተባለው ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሥራ ተፈጠረ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ፖላሪስ ራሱ ፕሮግራም እንደ ነበር ነው፤ ሚሳይሉ፣ ሰርጓጅ መርከቡ፣ የአቅጣጫ መሣሪያውና የመርከበኞቹ ሥልጠና በልዩ ልዩ እጆች ተዘጋጅተው በአንድ ቀን መገጣጠም ነበረባቸው። ሆኖም ወደ ግንባታ ሙያ በስፋት የተሻገረው የጊዜ ሠንጠረዡ ነበር፤ ሠንጠረዡን የወለደው የአመራር አስተሳሰብ ግን ወደ ኋላ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት እንኳ ለፕሮግራም አመራር ራሱን የቻለ ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

የ1933 ውርስ

ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች የሠራቸው መንገዶች በምሕንድስና ዓይን ሲታዩ ቀላል ሥራዎች አልነበሩም። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ያየ ሰው የሥራውን ክብደት ይገምታል። ዓላማቸው ግን ጦርን ማመላለስና የተያዘውን አገር አንቆ መያዝ ስለ ነበር፣ መንገዶቹ የሚጠበቁበት ድርጅት፣ ገንዘብና የሰው ኃይል በሙሉ ከወራሪው ጋር የታሰረ ነበር።

በ1933 ወራሪው በተባረረ ጊዜ ኢትዮጵያ የተረከበችው መንገዱን ብቻ ነው። በጦርነቱ የፈረሱ ድልድዮች ነበሩ፤ የጥገና መሣሪያ፣ የመለዋወጫ ዕቃና የሠለጠነ ባለሙያ ግን አልነበረም። በደጋው ክረምት ውሃ ቦዩን ሞልቶ በመንገዱ ላይ በፈሰሰ ቁጥር የአስፋልቱ ጠርዝ እየተበላ፣ የጠጠሩ ንጣፍ እየታጠበ ሄደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋና ዋና የሚባሉት መንገዶች ሳይቀሩ ለመኪና አስቸጋሪ ሆኑ። የዚህ ዘመን ትምህርት አጭርና መራራ ነበር፤ ጠባቂ የሌለው መንገድ ምንም ያህል በብልሃት ቢሠራ ዕድሜው በክረምት ቁጥር ይለካል።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መቋቋም

መንግሥት ከዓለም ባንክ ብድር በጠየቀ ጊዜ ይኸው ትምህርት የሥራው መሠረት ሆነ። በ1943 ኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በአፍሪካ ከዓለም ባንክ በመበደርም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን በመምራትና ኢትዮጵያውያንን በማሠልጠን አገለገሉ።

የዚያን ጊዜው አሠራር በዛሬ ቋንቋ ፕሮግራም ተብሎ ሊጠራ የሚገባው በብድሩ መጠን አይደለም። የገንዘቡ ቀዳሚ ተግባር አዲስ መንገድ መክፈት ሳይሆን ያለውን ማዳን ነበር። ከመንገድ ጥገናው ጎን ለጎን መሣሪያ ተገዛ፤ የመኪና ጥገና ሥፍራዎች ተደራጁ፤ ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ሠለጠኑ፤ አገሪቱም በጥገና ዲስትሪክቶች ተከፈለች። አለምገና፣ ኮምቦልቻ፣ ሻሸመኔ፣ ጅማ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ድሬዳዋና ሌሎችም የዲስትሪክት መቀመጫዎች የመንገዱ ቋሚ ጠባቂዎች ሆኑ። በ1949ና በ1955 የተከተሉት ብድሮች አዳዲስ መንገዶችን ለመጨመር የቻሉት ይህ ድርጅት ቀድሞ በመቆሙ ነው። በየገጠሩ ሕዝቡ ዛሬም የመንገድ ሠራተኛውንና መሥሪያ ቤቱን «አውራ ጎዳና» ብሎ መጥራቱ፣ ድርጅቱ ከተሠራው መንገድ ባላነሰ በሕዝቡ ኅሊና ውስጥ መቀመጡን ያመለክታል።

የመዳከም ዘመን

ከ1966 በኋላ የድርጅቱ ስምና ቅርጽ በተደጋጋሚ ተለወጠ። ለገጠር መንገዶች ትኩረት መሰጠቱ በጎ አሳብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጦርነቱ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና የመሣሪያው ማርጀት የጥገናውን ሥራ አሽመደመደው። መንገድ መሠራቱ ፈጽሞ አልቆመም። የቆመው መንገዱን ከመንገድ፣ ጥገናውን ከበጀት፣ ሥልጠናውን ከሥራው ጋር የሚያያይዘው አመራር ነበር።

የዚህም ዋጋ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣው የዕርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ተከማችቶ ሳለ፣ የጭነት መኪና ማነስና የመንገድ አለመኖር ለተራበው ወገን በጊዜ እንዳይደርስ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ነበሩ። ከዋናው መንገድ ወዲያ ማዶ ባለ መንደር ለሚኖር ሰው፣ ዋናው መንገድ በውሉ መሠረት መሠራቱ ብቻውን ምን ይጠቅመዋል?

በ1989 በተደረገው ቆጠራ የአገሪቱ መንገድ በጠቅላላው 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚህም ውስጥ 3,708 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት፣ 12,162 ኪሎ ሜትሩ ጠጠር፣ 10,680 ኪሎ ሜትሩ የገጠር መንገድ ነው። በጥሩ ይዞታ ላይ የተገኘው ግን ከመቶ 22 እጁ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአንድ ወቅት ተሠርቶ ርክክብ የተደረገበት መሆኑን ላሰበ መሐንዲስ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ፕሮጀክቶቹ በየጊዜው ተፈጽመዋል፤ ድሩ ግን ተበጥሷል።

የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም

በ1989 መጨረሻ የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ከዚህ ሁኔታ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ1990 እስከ 1994 ባሉት የበጀት ዓመታት የተከናወነ ሲሆን፣ ሁለተኛው እስከ 1999፣ ሦስተኛው እስከ 2002፣ አራተኛው እስከ 2007፣ አምስተኛው ደግሞ እስከ 2012 ተከታትለዋል። ፕሮግራሙ የወደሙትን ዋና መንገዶች መልሶ ማቋቋምን፣ የጠጠሩን ወደ አስፋልት ማሳደግን፣ አዲስ መንገድ መክፈትንና ጥገናን በአንድ ዕቅድ አሰባስቧል።

ይሁን እንጂ ለፕሮግራሙ ነፍስ የሰጡት ኪሎ ሜትር የማይቆጠርባቸው ሥራዎች ነበሩ። በ1989 የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዋና ገቢውም ከነዳጅ ሽያጭ ከሚሰበሰብ ክፍያ ሆነ። ከዚያ በፊት ጥገና ከመንግሥት ዓመታዊ በጀት ከሌሎች ፍላጎቶች ሁሉ ጋር እየተሻማ ይኖር ነበር፤ በቸገረ ዓመት ደግሞ ድምፅ የሌለው ጥገና ቀድሞ ይቆረጣል። ፈንዱ ለጥገና የራሱን ሣጥን ሰጠው። የመንገዶች ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት በአዲስ አዋጅ ተደራጀ፤ ክልሎች የየራሳቸው የገጠር መንገድ መሥሪያ ቤት ኖራቸው፤ የአገር ውስጥ ተቋራጮችና አማካሪዎች እንዲጎለብቱ ሥራዎች በአቅማቸው መጠን እየተከፋፈሉ የሚቀርቡበት መንገድ ተፈለገ። ከእነዚህ አንዱንም አንድ የመንገድ ፕሮጀክት መሪ በውሉ ውስጥ አያገኘውም።

የምዕራፎቹ መከታተልም የራሱ ጥቅም ነበረው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የጨረታው ሂደት መጓተት፣ የተቋራጮች ቁጥር ማነስና የዋጋ መናር ሥራውን አዘግይተዋል። በአንድ ፕሮጀክት ላይ እንዲህ ያለው ችግር የይገባኛል ጥያቄና የጊዜ ማራዘሚያ ሆኖ ይደመደማል። በፕሮግራም ውስጥ ግን የአንዱ ምዕራፍ ስሕተት ለሚቀጥለው ምዕራፍ ዕቅድ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚማረው አካል ከሥራው ጋር አብሮ ይቆያል።

ውጤቱም ታየ። በ2002 የመንገዱ ርዝመት 48,793 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለውም ከግማሽ በላይ ሆነ። ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ሌላ ቁጥር ነው፤ በ1989 ክረምት ከበጋ እስከሚያስኬድ መንገድ ድረስ ያለው አማካይ ርቀት 21 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን፣ በ2002 ወደ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ይህ ቁጥር የሚለካው መንገዱን ሳይሆን የገበሬውን እግር ነው። ማንኛውም ፕሮጀክት ብቻውን «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ሊለው አይችልም።

የዓባይ ሸለቆ ምሳሌ

የፕሮጀክትና የፕሮግራም ግንኙነት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወርደውና በሚወጣው መንገድ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ በየክፍሉ ሲታደስ፣ በሸለቆው ግርጌ ያለው አሮጌ ድልድይ ስድሳ ዓመት ገደማ አገልግሎ ነበር። መንገዱ ከላይም ከታችም ቢያምር፣ ድልድዩ የማይሸከመውን ጭነት መንገዱ ሊያሳልፈው አይችልም። ስለዚህ የመንገዱ መታደስ የድልድዩን ሥራ አስከተለ፤ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የህዳሴ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቀ። ክፍሎቹ የየራሳቸው ንድፍና ውል ነበራቸው፤ ጥቅማቸው ግን አንድ ነው።

ከርክክቡ በኋላ የሆነውም ሊዘነጋ አይገባም። የሸለቆው ተዳፋት መሬት በየክረምቱ ይንሸራተታል፤ አዲሱም መንገድ በየቦታው ሰመጠ፣ ተሰነጠቀም። እ.ኤ.አ. ከ2010 አንሥቶም የመሬቱን መንሸራተት ለመቋቋም በጃፓን ትብብር ራሱን የቻለ ጥናት ተካሄደ። በፕሮጀክት ሚዛን መንገዱ አልቆ ተረክቧል፤ ሸለቆው ግን ውል አያውቅም። ተዳፋቱን ዓመት ከዓመት የሚለካና በጀት የሚይዝለት አካል ከሌለ የትናንቱ መልካም ሥራ የነገ ፍርስራሽ ይሆናል።

ፕሮግራም ወደ ቆጠራ ሲወርድ

በ2003 የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት የተነሣ ታላቅ ዓላማ ነው። በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመሥራት ታቀደ። በ2007 መጨረሻ የአገሪቱ መንገድ 110,414 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ የጭማሪው አብዛኛው ክፍልም በዚህ ፕሮግራም የተሠራ ነው። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ መኪና ደርሶባቸው የማያውቁ ቀበሌዎች መኪና አዩ፤ ወላድ በቃሬዛ መሸከም የቀረባቸው መንደሮች አሉ። ይህ ሊናቅ የሚገባው ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ብዙዎቹ መንገዶች የወንዝ መሻገሪያ ሳይኖራቸው ተከፈቱ። በጋ የሚያስኬደው መንገድ ሐምሌ ሲገባ በወንዙ አፋፍ ላይ ይቆማል። በብዙ ወረዳዎችም መንገዱን የሚጠግን ግሬደርም ሆነ ቋሚ ባለሙያ አልነበረም። የኪሎ ሜትሩ ዕቅድ ከአቅም ግንባታው ፈጥኖ ሄደ። ስሙ ፕሮግራም ቢሆንም ሥራው የሚመዘነው በዓመቱ መጨረሻ በተቆጠረው ርዝመት ስለ ሆነ፣ በተግባር እጅግ ብዙ ትናንሽ ፕሮጀክቶች ስብስብ ወደ መሆን አዘነበለ። ከ1933 በኋላ የታየው ነገር በሌላ መልክ፣ በወረዳ ደረጃ ተደገመ፤ መንገዱ ተሰጠ፣ ጠባቂው አልተሰጠም።

ልዩነቱ በሥራ ላይ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት በአራት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ የፕሮጀክት መሪ የሥራውን ወሰን ይጠብቃል፤ የፕሮግራም መሪ ወሰኑ ራሱ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። መንገዱን ያለ ድልድዩ እንዲሠራ የታዘዘ መሪ ታማኝነቱ መንገዱን በመጨረስ ይገለጣል። «ድልድዩ ካልተሠራ መንገዱም ይቆይ» ሊል የሚችለው፣ ሊልም የሚገባው የፕሮግራሙ መሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ለፕሮጀክት ለውጥ ጠላት ነው፤ እያንዳንዱ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ፕሮግራም ግን በአሥርና በሃያ ዓመት ዕድሜው ውስጥ ዋጋ፣ ሕዝብና ፖሊሲ እንደሚለዋወጡ አስቀድሞ አውቆ፣ ለመለወጥ የተዘጋጀ ሊሆን ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ብርቅ የሆነው ሀብት የሚታየው ከፕሮግራሙ ከፍታ ላይ ነው። አሥር ፕሮጀክቶች በአንድ ዓመት ሬንጅ፣ ሲሚንቶ፣ የውጭ ምንዛሪና ልምድ ያለው መሐንዲስ ቢፈልጉ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሠንጠረዥ ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ አሥሩም በአንድነት ሊዘገዩ ይችላሉ። ቅደም ተከተል ማውጣት የፕሮግራም ዋና ጥበብ ነው።

አራተኛ፣ የፕሮጀክት መዝገብ በርክክብ ይዘጋል፤ የፕሮግራም መዝገብ የሚከፈተው በርክክብ ነው። የመጀመሪያው «ስንት ሠራን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው «ከሠራነው ዛሬ ስንቱ ያገለግላል?» ይላል።

ይህ ሲባል ግን ፕሮግራም የፕሮጀክትን ድክመት ሊሸፍን ይችላል ማለት አይደለም። በየፕሮጀክቱ ያለው የአፈር ምርመራ፣ የንጣፍ ውፍረትና የቁጥጥር ጥራት ካልተጠበቀ፣ በላይ ያለው ዕቅድ ምንም ያህል ቢሰፋ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። በሌላ በኩል ጎበዝ የፕሮጀክት መሪን ወደ ፕሮግራም መሪነት ማሳደግ ብቻውን ሥራውን አይለውጠውም። የሚጠየቅበት መመዘኛ፣ የሚይዘው ሥልጣንና የሚቆይበት ዘመን አብረው ካልተለወጡ፣ በአዲሱ ወንበር ላይ ሆኖም የሚመራው ያንኑ ፕሮጀክት ይሆናል።

የሙያው ባልደረቦች ከዚህ ሁሉ የሚወስዱት ተግባር ከባድ አይደለም። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ አዲስ የተረከቡ ኪሎ ሜትሮች ከሚጻፉበት ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ ይጨመር፤ በውስጡም ከአምስት፣ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት ከተረከቡት መካከል በጥሩ ይዞታ ላይ ያለው ይጻፍ። በ1989 የተገኘው ከመቶ 22 ያልተጠበቀ የሆነው ይህ ዓምድ ለብዙ ዓመታት ባዶ ስለ ነበር ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ኪሎ ሜትር መንገድ ያላት አገር ዓምዱን ባዶ ትታ ሌላ እንዲህ ያለ ቁጥር ልትጠብቅ አይገባትም።